ወደ ተራራ ስለ መውጣትና ከተራራ ስለ መውረድ የተሰጠ ትምህርት



በግዕዝ ቋንቋ «ደብር» ማለት ተራራ ማለት ነው፤ ሲበዛም «አድባር» ይባላል። አባቶች መነኮሳት ከዓለም ርቀው በየተራራው ራስ ይጸልዩ ስለ ነበር፥ ስሙ ከተራራው ወደ ገዳሙ፥ ከገዳሙም ወደ ታላላቁ ቤተ ክርስቲያን ተላለፈ። እንግዲህ ከእህል በረንዳና ከበርበሬ ተራ ተነሥቶ ለጸሎት የሚመጣ የመርካቶ ምእመን «ደብራችን» ብሎ በጠራ ቍጥር ሳያስበው «ተራራችን» ማለቱ ነው። ቦታው ምንም ሜዳ ቢሆን፥ የቅዳሴውም ዜማ ከተሸካሚው ጩኸትና ከመኪናው ጥሩምባ ጋራ ቢደባለቅ፥ ስሙ የተራራ ስም ነው። ስለዚህ ኢዮቤልዩ በሚከበርበት በዚህ ዓመት ወደ ተራራ መውጣት ለክርስቲያን ምን እንደሚያስተምር መመርመር ከዚህ ደብር ነገር የራቀ አይደለም።

ዛሬ ከከተማው ሰው ብዙው በዕረፍት ቀኑ ወደ እንጦጦ መውጣት ለምዷል። አንዱ ለጤናው፥ አንዱ ነፋስ ለመቀበል፥ አንዱ የማርያምንና የራጉኤልን ቤተ ክርስቲያን ለመሳለም፥ አንዱም ለጠበል ይወጣል። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ የእንጦጦ ፓርክ ተከፍቶ ለመንገደኛው አንድ ተጨማሪ ምክንያት ሆኖታል። መውጣቱ መልካም ነው። ነገር ግን የተራራ ትምህርት ሁለት ክፍል አለው፤ እኩሌታው በመውጣት ይገኛል፥ እኩሌታውም በመውረድ። የመጀመሪያውን ብቻ ይዞ የቀረ ሰው ነፋስ ተቀብሎ ተመለሰ እንጂ ትምህርት አልተቀበለም።

አስቀድሞ ስለ መውጣት ይነገር። እንጦጦ ከባሕር ወለል በላይ 3 ሺህ 200 ሜትር ያህል ከፍ ይላል፤ መርካቶንም ከ700 ሜትር በላይ ይበልጠዋል። ከሽሮ ሜዳ ዐልፎ ዳገቱን የጀመረ ሰው ጥቂት እንደ ሄደ አየሩ እየሳሳ ትንፋሹ ያጥራል፥ ልቡም ይመታል። በዚያ ጊዜ ባለጠጋውና ድኻው፥ አለቃውና ሎሌው አንድ ዐይነት ያለከልካሉ። በሜዳ በገንዘቡ የሚቀድመውን ሰው በዳገት ገንዘቡ አንድ ርምጃ እንኳ አያስቀድመውም፤ ይልቁንም በእጁ የያዘው ሁሉ ሸክም ይሆንበታል። ይህ የትሕትና ትምህርት ነው። ደግሞም ሲጀምር የሮጠ በመንገድ ይቀራል፥ በዝግታ የጀመረ ይደርሳል። ይህም ጾምና ጸሎት ለሚጀምር ሰው የሚበጅ የትዕግሥት ትምህርት ነው።

ከዚህ የሚበልጠውን ትምህርት በትግራይ ያለው ደብረ ዳሞ ይሰጣል። ወደዚያ አምባ የሚወጣ መንገደኛ በገደሉ ላይ የተንጠለጠለውን ገመድ በሁለት እጁ ይጨብጣል፥ እግሩንም በድንጋዩ ላይ ያሳርፋል። ወገቡም በጠፍር ታስሮ በላይ ያለው መነኵሴ ይስበዋል። መንገደኛው እጁን ቢያሰንፍ ሳቢው ይደክማል፤ ሳቢው ጠፍሩን ቢለቅ ደግሞ የመንገደኛው ጕልበት ያሠጋል። የሰው ድካምና የእግዚአብሔር ቸርነት እንዴት አብረው እንደሚሠሩ ለሕፃን ለማስረዳት ይህ የቀለለ ምሳሌ ነው።

ሆኖም ተራራ በራሱ ቅዱስ አይደለም። ፈታኙም ጌታን ወደ ረዥም ተራራ አውጥቶ የዓለምን መንግሥታት ከነክብራቸው አሳይቶታልና። በእንጦጦ ራስ ቆሞ ወደ ታች የሚመለከት ሰው አዲስ አበባን ከዳር እስከ ዳር ያያል፤ የመርካቶም ቆርቆሮና ፎቅ በመዳፉ ውስጥ የሚገባ ይመስለዋል። በቆርቆሮው ሥር ያለው ሰው ግን አይታየውም። ከፍ ብሎ ማየት እንዲህ ያለ ፈተና አለበት፤ ከተማውን እያሳየ ባልንጀራን ይሰውራል። ነቢዩ ዳዊትም ዐይኖቹን ወደ ተራሮች ባነሣ ጊዜ ረድኤቱ ሰማይንና ምድርን ከፈጠረ ከእግዚአብሔር ዘንድ እንደሚመጣ ተናገረ እንጂ ከተራሮቹ ዘንድ ይመጣል አላለም።

አሁን ስለ መውረድ ይነገር። ሙሴ በሲና 40 ቀንና 40 ሌሊት ቈይቶ ጽላቱን ይዞ ወደ ሕዝቡ ወረደ፤ የፊቱንም ብርሃን ሕዝቡ አዩት እንጂ እርሱ ራሱ አላወቀውም። ኤልያስ በኮሬብ ከነፋሱ፥ ከምድር መናወጡና ከእሳቱ በኋላ ረቂቁን ድምፅ ሰማ፤ የተሰጠውም ትእዛዝ በመጣበት መንገድ እንዲመለስ ነበር። በደብረ ታቦርም ጴጥሮስ ሦስት ዳስ ሠርቶ በዚያ መኖርን ወደደ፤ ጌታ ግን ደቀ መዛሙርቱን ይዞ ወረደ። ከተራራው በታች ይጠብቃቸው የነበረውም የታመመ ልጁን ያመጣ አባት ነው። ብርሃኑ በላይ ታየ፥ ሕመምተኛው ግን በታች ተፈወሰ። በቡሄ ችቦ የሚያበራ ሁሉ ይህን አባት ሊረሳው አይገባም።

ይህችም ከተማ ራስዋ ከተራራ የወረደች ናት። ዳግማዊ ምኒልክ አስቀድመው የሰፈሩት በእንጦጦ ነበር። ነገር ግን ብርዱና ነፋሱ ስለ ጸና፥ የማገዶውም እንጨት ስለ ራቀ፥ ፍል ውሃውም ሰውን ወደ ታች ስለ ሳበ፥ በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ በሜዳው ተቈረቈረች። በ1882 ዓ.ም. ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ሲሆኑ ዘውድ የጫኑት በእንጦጦ ማርያም ነው፤ ፍርዱና ገበያው ግን በታች ሆነ። ገበያውም በአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ ሲቆም ኖሮ፥ ጣልያን አገሪቱን በያዘበት ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ዘመን ወደ አዲስ ከተማ ተዛወረ፤ «መርካቶ» የሚለውም ቃል በጣልያንኛ ገበያ ማለት ነው። እንግዲህ የዚህ ደብር ምእመን ኑሮውም ፈተናውም በታች፥ በገበያው ነው።

መውጣትና መውረድ ፊት ለፊት የሚገናኙት በእንጦጦ ዳገት ላይ ነው። በምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ ተራራውን ካለበሰው ወዲህ፥ ድኾች ሴቶች ጭራሮውንና ቅጠሉን ለቅመው፥ 30 ኪሎና ከዚያም የሚበልጥ ሸክም በጀርባቸው አዝለው፥ ጐንበስ ብለው ያን ቍልቍለት ሲወርዱ ኖረዋል። በአንዱ መንገድ ላይ ባዶ እጁን ለጸሎት የሚወጣና ሸክም አዝላ የምትወርድ ይገናኛሉ። እርሱ የተራራውን ውበት ያያል፤ እርስዋ ግን ከእግርዋ በታች ያለውን ድንጋይ ብቻ ታያለች። መንገድ ሳይለቅላት ቢያልፍ ጸሎቱ ከእርሱ ጋራ አይወጣም። ዞር ብሎ «እግዚአብሔር ያበርታሽ፥ እናቴ» ቢላት፥ ካረፈችበትም ስትነሣ ሸክሟን ቢያሸክማት፥ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሳይደርስ ተሳልሟል።

የዚህች ሴት ወንድም በመርካቶ ጆንያ ተሸክሞ የሚውለው ሰው ነው። ቅዳሜ ወደ ተራራ ወጥቶ የጸለየ ነጋዴ ሰኞ የተሸካሚውን ሒሳብ «ነገ ና» ብሎ ቢያሳድርበት፥ በሚዛኑም ላይ ጣቱን ቢያሳርፍ፥ ገና ከተራራው አልወረደም። የሙሴ ሕግ የድኻውን ደመወዝ ፀሐይ ሳትጠልቅ እንዲከፈለው ያዝዛልና። በጥቅምት ወር 2017 ዓ.ም. ሸማ ተራ በእሳት በተያዘች ጊዜም ነበልባሉን ከሩቅ ማየት ማንንም አልረዳም፤ የረዳው እሳቱን ለማጥፋትና የሰውን ዕቃ ለማውጣት የተረባረበው ነው። ተራራ የሚጠቅመው እንዲህ ላለችው ሌሊት ልብን ሲያዘጋጅ ነው።

ኢዮቤልዩም የመውረድ በዓል ነው። በኦሪት በ50ኛው ዓመት መለከት ሲነፋ፥ በድኽነት የተሸጠ መሬት ወደ ባለቤቱ ይመለስ፥ ባሪያ ሆኖ ያደረም ወደ ወገኑ ይሄድ ዘንድ ታዝዟል። ከፍ ያለው ዝቅ እንዲል፥ የወደቀው እንዲነሣ ነው። የደብሩም በዓል በከበሮና በጽናጽል ብቻ ቢያልፍ ጴጥሮስ የተመኘውን ዳስ ሠርቶ መቅረት ይሆናል። በመርካቶ ያለ ሱቅ ብዙው የዱቤ መዝገብ አለው፤ በመዝገቡም ውስጥ ሱቁ የተቃጠለበት፥ ባሏ የሞተባት፥ በሕመም የወደቀ ሰው ስም ይገኛል። ምእመን ሆይ፥ የበዓሉ ሰሞን ሳያልፍ መዝገብህን ግለጥ፤ መክፈል የማይቻለውን የአንድ ሰው ስም ፈልገህ፥ ቢቻልህ ዕዳውን ሰርዝለት፥ ባይቻልህ ጊዜ ስጠው፤ እርሱ ሊለምንህ ሳይመጣ አንተ ወደ ቤቱ ሄደህ ንገረው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር። አሜን።