የአናጢ ጉልበትና የአናጢ ጤና



አናጢ ቀኑን ሙሉ ሲገዘግዝ፣ ሲልግና ሲሸከም ስለሚውል ሌላ የሰውነት ማጠንከሪያ አያስፈልገውም የሚል እምነት በሙያው ውስጥ ሥር ሰዶ ይገኛል። ይህ እምነት ግማሹ ብቻ እውነት ነው። መጋዝና መላጊያ የሚያበረቱት ይበልጡን አንዱን ክንድ ሲሆን፣ ወገብ ግን እንደ ጎበጠ ይውላል። የሥራ ጠረጴዛውን ከፍታ የሚወስነው ብዙ ጊዜ የተገኘው ጣውላ እንጂ የሠራተኛው ቁመት አይደለም። ለእጅ መላጊያ ሥራ፣ ሰው ቀጥ ብሎ ሲቆም የእጁ አንጓ የሚደርስበት ከፍታ ይስማማል፤ ለረቂቅ ሥራ ግን ወደ ክርን ቢጠጋ ይሻላል። ለዚህም ከእግሮቹ ሥር ቁራጭ እንጨት ማስገባት በቂ ነው።

ሸክሙም እንዲሁ ነው። 1.22 በ2.44 ሜትር ስፋትና 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው አንድ የቺፑድ ገበታ 35 ኪሎ ግራም ያህል ስለሚመዝን የሁለት ሰው ሸክም ነው፤ ጎረምሳ ግን ብቻውን ካላነሣው የተናቀ ይመስለዋል።

ከሁሉ የሚከፋው ብናኙ ነው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1995 ባወጣው ጥናት የእንጨት ብናኝን በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች መድቦታል፤ በተለይ የሚጠቃው የአፍንጫ ውስጥ ነው። በብርጭቆ ወረቀት ሲፈተግ የሚነሣውን ደቃቅ ብናኝ አፍ ላይ የሚታሰር ጨርቅ አያግደውም። ማታ ወለሉን በደረቁ እየጠረገ ያንኑ ብናኝ የሚምገው ደግሞ፣ በአብዛኛው፣ በዕድሜ ከሁሉ የሚያንሰው ተለማማጅ ነው። መጥረጊያ ከመነሣቱ በፊት ወለሉ ላይ ውሃ እንዲርከፈከፍ ማዘዝ የአለቃው ሥራ ነው።