ለአፈሩም ድርሻውን እንስጠው

(ልደታ ማርያም አካባቢ ለጓሮ አትክልት ተካዮችና ለሥራው ደጋፊዎች ከተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ስለ ዘር ሳይሆን ዘሩ ስለሚወድቅበት አፈር ነው። ዘር መስጠት ቀላል ነው። አንድ እፍኝ የጎመን ዘር በወረቀት ተጠቅልሎ ሲሰጥ ሰጪውም ተቀባዩም ደስ ይላቸዋል። በመጀመሪያው ዓመት ጎመኑ ይለመልማል። በሁለተኛው ዓመት ግን የታችኛው ቅጠል ቢጫ ይሆናል፤ ግንዱ ይቀጥናል፤ ከአንድ እግር ጎመን የሚቀጠፈውም ያንሳል። ያን ጊዜ «ዘሩ መጥፎ ነው» ይባላል። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የዘሩ አይደለም። ቅጠል በቀጠፍን ቁጥር ከአፈሩ ምግብ ይወጣል፤ የሚመልስለት ግን የለም። ከማይሞላ ጎታ እየዘገኑ መብላት እስከ መቼ ይቻላል?

ሰፈራችን ስሙን ያገኘው ከልደታ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው። ድሮ ብዙው ቤት ጠባብም ብትሆን ጓሮ ነበረችው። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ አሮጌዎቹ ቤቶች ፈርሰው በብዙ ስፍራ ኮንዶሚኒየም ቆሞአል። ስለዚህ አንዳንዶቻችሁ የምትተክሉት በአጥር ሥር በቀረች ቁራጭ መሬት ላይ ነው፤ ሌሎቻችሁ በረንዳ ላይ በጆንያና በአሮጌ ባልዲ ትተክላላችሁ። በባልዲ ያለ አፈር ጥቂት ስለ ሆነ ቶሎ ይደክማል። ልጆቹ ሽሮውን ከጎመን ጋር እንዲበሉ የምትፈልግ እናት አፈሩን ካልመገበች ድካምዋ ከንቱ ይሆናል።

ይህ ከውጭ የመጣ ትምህርት አይደለም። በጉራጌ አገር ከብት በቤት ያድራል፤ ፍጉም እየተጠረገ ወደ እንሰቱ ሥር ይወሰዳል። እንሰቱ ከዓመት ዓመት በአንድ ጓሮ ሲቆም መሬቱ የማይከዳው ስለዚህ ነው። በደጋው አገር ግን ማገዶ በማለቁ ፍጉ ኩበት ሆኖ ይነድዳል። ሲነድ ናይትሮጅኑ ከጢሱ ጋር ይሄዳል፤ ፖታሹና ፎስፈረሱ በአመዱ ይቀራሉ። ኩበት የምታነድን እናት ማንም አይውቀሳት፤ እንጀራ ያለ እሳት አይጋገርም። አመዱን ከቆሻሻ ጋር መድፋት ግን ሁለተኛ ኪሳራ ነው።

«ፋብሪካ የሠራው ማዳበሪያ አለ አይደለም ወይ?» የምትሉ ትኖራላችሁ። አለ፤ ጠቃሚም ነው። በአርሲ ካዱ የተባለው የእርሻ ልማት ሥራ በ1967 እ.ኤ.አ. ከተጀመረ ወዲህ ገበሬያችን ለምዶታል። ጆንያውን እንኳ «ማዳበሪያ» ብለን የምንጠራው ከዚህ የተነሣ ነው። ነገር ግን ከውጭ በምንዛሬ የሚገዛ ነው። በ2022 እ.ኤ.አ. የዩክሬን ጦርነት ሲነሣ ዋጋው በዓለም ሁሉ አሻቀበ፤ ችግሩም እስከ ገበሬው ደጃፍ ደረሰ።

እውነቱንም መደበቅ አይገባም። ከ100 ኪሎ ዩሪያ 46ቱ ኪሎ ናይትሮጅን ነው። በደረቅ የከብት ፍግ ግን ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ብቻ ነው። 50 ኪሎ ደረቅ ፍግ በናይትሮጅን የሚተካከለው ከአንድ ኪሎ ተኩል ገደማ ዩሪያ ጋር ነው። ታዲያ ስለ ምን እንደክማለን? ፍጉ ዩሪያ የማይሰጠውን ስለሚሰጥ ነው። አፈሩን ያላላል፤ ውሃ ያቆያል፤ ለትላትልና ለዓይን ለማይታዩ ሕዋሳት ምግብ ይሆናል። እነዚህም ጥቂት በጥቂት እያብላሉ ለሥሩ ያቀርቡለታል። በዚህ ዓመት የተሰጠው ለሚቀጥለውም ይተርፋል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚባለው ለዚህ ሥራ ይስማማል።

በአገራችንም ተፈትኖአል። በ1996 እ.ኤ.አ. ዶክተር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔርና ባለቤታቸው ሱ ኤድዋርድስ በትግራይ ከገበሬዎች ጋር የብስባሽ ሥራ ጀመሩ። በኋላ ምርቱ ሲለካ፣ ብስባሽ ያገኘው ማሳ ምንም ካላገኘው እጥፍ ገደማ ሰጠ፤ ከፋብሪካ ማዳበሪያም ጋር የሚወዳደር ሆነ። በተራቆተ መሬት ይህ ከተቻለ፣ በባልዲ አፈርም ይቻላል።

አንዲት እናት «እኔ ላም የለኝም፤ ፍግ ከየት ላምጣ?» ብለው ጠይቀዋል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም በዙሪያችን አለ። በበዓል ሰሞን በጎች ከታሰሩበት ስፍራ በጠጥ ይገኛል። ዶሮ ያለው ጎረቤት ኩሱን ይጥላል። ከጀበናው የወጣ የቡና አተላ በየቀኑ ይደፋል። የወጥ አጥንት በከሰል እሳት ከሰል እስኪመስል ቢቃጠልና ቢወቀጥ ለሥርና ለፍሬ የሚረዳ ፎስፈረስ ይሰጣል። ከዘይት መጭመቂያ የሚወጣው የኑግ ፋጉሎም ብርቱ ምግብ ነው፤ ከብት አርቢው ስለሚሻማበት ግን ዋጋው ከፍ ይላል።

አሁን ወደ አሠራሩ እንምጣ።

አንደኛ፤ ፍጉን በጥላ ሥር አድርቁት። በፀሐይ ሲሰጣ ናይትሮጅኑ ወደ አየር ይጠፋል። የደረቀ ፍግ አይሸትም፤ ዝንብ አይሰበስብም፤ በጆንያም ይቀመጣል። ትኩሱ ግን ሥር ያቃጥላል፤ በሽታም ያመጣል። እንደ ሰላጣና ካሮት ጥሬውን ለሚበላ አትክልት፣ ያልበሰበሰ ፍግ ከተደረገበት ቀን እስከ መልቀሚያው 120 ቀን ማለፍ አለበት። የውሻ፣ የድመትና የሰው ዓይነ ምድር ከቶ አይግባበት።

ሁለተኛ፤ አረሙን ነቅላችሁ አፈሩን ሁለት ጣት ያህል ኮትኩቱ። በጥልቀት አትቆፍሩ፤ የጎመን ሥር ላይ ላዩን ነውና ይቆረጣል።

ሦስተኛ፤ ምግቡን ከላይ ነስንሱ። ከግንዱ አንድ ጋት ራቁ፤ ግንዱ ላይ ከተቆለለ ያበሰብሰዋል። የበሰለ ብስባሽ ከሆነ ለአንድ ሜትር በአንድ ሜትር መሬት አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይበቃል፤ ይህም ውፍረቱ ሁለት ሳንቲ ሜትር ይሆናል። በደንብ የቆየ ደረቅ የዶሮ ኩስ ብርቱ ስለ ሆነ ሁለት የውሃ ብርጭቆ ብቻ። የእንጨት ወይም የኩበት አመድ አንድ ብርጭቆ፤ እርሱም በዓመት አንድ ጊዜ። አመድና ኩስ በአንድ ቀን አትደባልቁ፤ አመዱ ናይትሮጅኑን ያባርረዋልና። ፌስታል የተቃጠለበት አመድ ለአትክልት አይሆንም። የቡና አተላም ደርቆ በስሱ ይበተን፤ ከወፈረ እንደ ቅርፊት ጠንክሮ ውሃ አያሳልፍም።

አራተኛ፤ በጣት ወይም በትንሽ መኮትኮቻ ከአፈሩ ጋር ቀላቅሉ፤ በቀስታ አጠጡ፤ ደረቅ ሣር ጎዝጉዙበት። ደረቅ ምግብ ያለ እርጥበት አይሠራም።

ቅጠሉ የሚቀጠፍ ጎመን በየስድስት ሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ቢጨመርለት፣ በዓመት አንድ ጊዜ ብዙ ከመድፋት ይሻላል። በሐምሌና በነሐሴ ዶፍ ዝናብ ግን አትነስንሱ፤ ጎርፉ ይወስደዋል። የልደታ በዓል ግንቦት 1 ቀን ነውና እርሱን ምልክት አድርጉ፤ ያን ጊዜ ደረቁ ፍግ በጆንያ ተዘጋጅቶ ይገኝ፤ ክረምቱም ሳይጠነክር ለአፈሩ ይሰጥ። ከአቃቂ ወንዝ ዳር ደለል አታምጡ። ወንዙ የፋብሪካና የቆዳ ማልፊያ ፍሳሽ ስለሚገባበት በአፈሩ ውስጥ ጎጂ ብረታ ብረት ይገኛል።

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 13 ስለ ፍሬ አልባዋ በለስ የተነገረውን ምሳሌ ታስታውሳላችሁ። የአትክልቱ ሠራተኛ ዛፏ እንዳትቆረጥ የለመነው ዙሪያዋን ሊኮተኩትና ፍግ ሊያደርግላት ነው፤ የጠየቀውም ጊዜ አንድ ዓመት ነበር። ምሳሌው ስለ ንስሐ ነው። ሠራተኛው ግን ሙያውን ያውቅ ነበር፤ ፍግ በሳምንት እንደማይሠራ ተረድቶ ዓመት ለመነ።

ደጋፊዎቻችን ሆይ፤ ከእናንተም የምንለምነው ይህንኑ ነው። ስንት ፓኬት ዘር እንደ ታደለ ትጠይቁናላችሁ፤ መጠየቃችሁ መልካም ነው። ከዚያ ጋር «አፈሩስ ምን በላ? በሁለተኛው ዓመት ጎመኑ እንዴት ሆነ?» ብላችሁ ጠይቁን። መኮትኮቻ፣ ጆንያና የፍግ ማድረቂያ ጥላ በፎቶግራፍ አያምሩም፤ ሁለተኛውን ዓመት የሚያደርሱት ግን እነርሱ ናቸው።

እናቶች ሆይ፤ ዛሬ ወደ ቤት ስትገቡ የቡናውን አተላ አትድፉት። ጋዜጣ ላይ በስሱ አስጡት። ከዚያ እንጀምራለን። እግዚአብሔር የእጃችሁን ሥራ ይባርክ።