ብርሃንን ተከትሎ መሮጥ



የፊዚክስ መምህር ሁሉ አንድ ቀን የሚገጥመው ጥያቄ አለ። «በብርሃን ፍጥነት ብንጓዝ ምን እንሆናለን?» ይላል ከኋላ ወንበር የተቀመጠ ተማሪ። ደወሉ ሊደወል ጥቂት ደቂቃ የቀረው መምህርም «ጊዜ ይቆማል» ብሎ ያልፈዋል። መልሱ አጭር ነው፤ ጆሮም ይስባል፤ ነገር ግን ትክክል አይደለም። ተማሪው ዕድሜውን ሙሉ ይዞት የሚኖረውም ይህንኑ ነው።

ጥያቄው ራሱ የሚናቅ አይደለም። አልበርት አይንስታይን በስዊትዘርላንድ በአራው ከተማ ይማር በነበረበት ወቅት፣ ገና የ16 ዓመት ልጅ ሳለ፣ ብርሃንን አሳዶ የሚደርስበት ሰው ምን ያይ ይሆን እያለ ያሰላስል ነበር። ጎን ለጎን እኩል የሚጋልቡ ሁለት ፈረሰኞች አንዱ ለሌላው የቆመ እንደሚመስለው ሁሉ፣ ብርሃኑም በቦታው የረጋ ሞገድ መስሎ መታየት ነበረበት። የማክስዌል ሕግጋት ግን የቆመ ብርሃን አያውቁም። ከዚህ ግጭት የወጣው መልስ እ.ኤ.አ. በ1905 ታተመ፤ ብርሃን በባዶ ኅዋ ለቆመውም ለሚሮጠውም በሴኮንድ 299,792,458 ሜትር ይጓዛል። እንግዲህ አሳዳጁ የቱንም ያህል ቢፈጥን፣ ብርሃኑ በዚያው ፍጥነት ጥሎት ይሄዳል።

ስለዚህ በብርሃን ፍጥነት ላይ ሰዓት ይዞ የሚቀመጥ ተመልካች የለም። ቀመሩም በዚያ ነጥብ ላይ በዜሮ ማካፈልን ይጠይቃል፤ በዜሮ ያካፈለ ተማሪ ደግሞ በፈተና ምን እንደሚያገኘው የታወቀ ነው። የሚከለክለውም የሞተር ድክመት አይደለም። አንድን አካል ከብርሃን ፍጥነት 99 በመቶ ወደ 99.9 በመቶ ለማድረስ የእንቅስቃሴ ጉልበቱን ከሦስት እጥፍ በላይ ማሳደግ ግድ ይላል፤ ከዚያ በላይ ያለው እያንዳንዱ እርምጃ ይበልጥ ውድ ነው፤ መጨረሻውም ወሰን የለውም።

የሚጠቅመው ጥያቄ እንግዲህ «ወደ ብርሃን ፍጥነት ብንቀርብ» የሚለው ነው፤ ለዚህ ደግሞ የተለካ መልስ አለ። ከኅዋ የሚመጣ ጨረር የላይኛውን አየር ሲመታ ሚዩኦን የሚባሉ ቅንጣቶች ይፈጠራሉ። አማካይ ዕድሜያቸው 2.2 ማይክሮሴኮንድ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 ፍሪሽና ስሚዝ የተባሉ ሁለት የፊዚክስ ሊቃውንት በአሜሪካ፣ 1,900 ሜትር በሚያህለው በዋሽንግተን ተራራ ጫፍ ላይ ሆነው፣ በብርሃን ፍጥነት 99.5 በመቶ ግድም የሚወርዱትን ቆጠሩ፤ በሰዓት 560 ያህል ነበሩ። ያን ከፍታ ለመውረድ ከ6 ማይክሮሴኮንድ በላይ ስለሚያስፈልግ፣ ከባሕር ወለል መድረስ የነበረባቸው 30 ያህሉ ብቻ ናቸው። መሣሪያው ወደ ታች ወርዶ ሲቆጠር ግን ከ400 በላይ ተገኙ። በምድር ላይ ላለው ቆጣሪ፣ የሚዩኦኑ ሰዓት ዘጠኝ ጊዜ ያህል ዘግይቷል። ከሚዩኦኑ ጋር አብሮ ለሚወርድ ግን ዕድሜው ያው 2.2 ማይክሮሴኮንድ ነው፤ ያጠረው ተራራው ነው፤ ቁመቱ ከ200 ሜትር ብዙም አይበልጥም። ተማሪን የሚያስደንቀው ይህ ሁለተኛው ወገን ሆኖ ሳለ፣ ብዙ ጊዜ ሳይነገር ይቀራል።

ለሰውም ሕጉ ያው ነው። ከፀሐይ ቀጥሎ ቅርብ የሆነው ኮከብ፣ ፕሮክሲማ፣ 4.24 የብርሃን ዓመት ይርቃል። በብርሃን ፍጥነት 99 በመቶ የሚሄድ መንገደኛ በመርከቡ ውስጥ አንዳች እንግዳ ነገር አይሰማውም፤ ልቡ እንደ ወትሮው ይመታል፤ ሰዓቱም እንደ ወትሮው ይቆጥራል። በኅዋ የተበተኑት ጥቂት የሃይድሮጅን አተሞች ግን ከፊት ለፊት እንደ ብርቱ ጨረር ይወርዱበታልና ወፍራም መከለያ ያሻዋል። ለመነሻና ለማቆሚያ የሚባክነው ጊዜ ሳይቆጠር፣ ደርሶ ሲመለስ በእርሱ ሰዓት 14 ወር ተኩል ያህል አልፏል፤ የሸኙት ሰዎች ግን ስምንት ዓመት ተኩል ጠብቀውታል።