የሞርስ ፓድልና የኮንታክት መንጠር

የዚህ ዲስኩር ርእሰ ጉዳይ ከአማተር ሬዲዮ ላኪዎች ጠረጴዛ የማይጠፋ አንድ አነስተኛ ችግርና የመከላከያው ሰርኪዩት አሠራር ነው። የሞርስ ፓድል በአውራ ጣትና በሌባ ጣት የሚነካ ባለ ሁለት ክንድ ማብሪያ ሲሆን፣ አንዱ ክንድ ነጥብን፣ ሌላው ሰረዝን ያዛል፤ ምልክቶቹን በርዝመታቸው ለክቶ የሚያወጣው ግን ኪየር የተባለው የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ ነው።

ብረት ከብረት ሲጋጭ ወዲያው ስለማይረጋ፣ የፓድሉ ኮንታክት ጸንቶ ከመዘጋቱ በፊት ለጥቂት ሚሊ ሰከንድ እየነጠረ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ለቤት መብራት ማብሪያ ይህ ከቁም ነገር አይገባም፤ ብዙ ኪየሮች ግን አንዱን ነጥብ በማውጣት ላይ ሳሉ የሚደርሳቸውን አዲስ ንክኪ መዝግቦ የሚያቆይ ማኅደረ ትውስታ ስላላቸው፣ መንጠሩን እንደ ሁለተኛ ትእዛዝ ይቀበሉታል። የኢትዮጵያ አማተር ጣቢያዎች የጥሪ ምልክት የሚጀምረው ኢ እና ቲ በተባሉት የላቲን ፊደላት ነው፤ ኢ አንድ ነጥብ፣ ቲ አንድ ሰረዝ ናቸው። በኢ ላይ አንድ ነጥብ ሳይታሰብ ቢታከል ፊደሉ አይ ይሆናል፣ በአይ የሚጀምሩት የጥሪ ምልክቶች ደግሞ በዓለም አቀፉ ድልድል የጣሊያን ናቸው፤ ለኢትዮጵያዊ ላኪ ከዚህ የባሰ ስሕተት ማግኘት ያስቸግራል።

ለመከላከያው በየክንዱ ሁለት ሬዚስተርና አንድ ካፓሲተር ይበቃል። ከ5 ቮልት ምንጭ 47 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ወደ አንድ መጋጠሚያ ይመጣል፤ ከመጋጠሚያው ወደ ግራውንድ 0.1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ይያያዛል፤ ፓድሉም በ1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር በኩል ከዚያው መጋጠሚያ ጋር ይገናኛል። ክንዱ ሲጫን ካፓሲተሩ በትንሹ ሬዚስተር አልፎ በ0.1 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ስለሚራገፍ ትእዛዙ አይዘገይም፤ ኮንታክቱ ሲከፈት ግን ካፓሲተሩ የሚሞላው በትልቁ ሬዚስተር በኩል ቀስ እያለ ነው። ትንሹን ሬዚስተር ትርፍ ነው ብሎ መተው አይገባም፤ እርሱ ከሌለ የካፓሲተሩ ቻርጅ በአንድ ጊዜ በኮንታክቱ ላይ ይራገፍና ብረቱን ይጎዳል።

ቀስ ብሎ የሚያድገውን ቮልቴጅ ወደ ጥርት ያለ ምልክት የሚለውጠው ሽሚት ትሪገር ነው፤ ይህን ሰርኪዩት አሜሪካዊው ኦቶ ሽሚት እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የስኩዊድ ነርቭን ሲያጠና ፈለሰፈው። ቮልቴጁ ሲወጣ የሚቀየርበት ደረጃ ሲወርድ ከሚቀየርበት ከፍ ስለሚል በመካከል ያለው መዋዠቅ አያሳስተውም። 74 ኤችሲ 14 የተባለው ቺፕ ስድስቱን በአንድነት ይዟል፤ እያንዳንዱ ምልክቱን ስለሚገለብጥ ለአንድ ክንድ ሁለት በተከታታይ ይያያዛሉ፣ የተረፉት የሁለቱ መግቢያዎችም ከግራውንድ ጋር ይታሰራሉ እንጂ አይንጠለጠሉም። የላይኛው ደረጃ 2.7 ቮልት ያህል ቢሆን፣ ከ3.5 ሚሊ ሰከንድ ያነሰ መከፈት ሁሉ ለኪየሩ አይታይም፤ ክንዱ ሲለቀቅም እያንዳንዱ ንጥር ካፓሲተሩን መልሶ ስለሚያራግፈው ቆጠራው ከመጨረሻው ንክኪ ይጀምራል።

ጥንቃቄ የሚያሻው ካፓሲተሩን በማብዛት ላይ ነው። በደቂቃ 20 ቃል ሲላክ አንድ ነጥብ 60 ሚሊ ሰከንድ፣ በ40 ቃል ደግሞ 30 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል፤ ስለዚህ 3.5 ሚሊ ሰከንድ መዘግየት በሁለቱም ፍጥነት አያውክም። «ለሁሉም ይሁን» ተብሎ ካፓሲተሩ ወደ 1 ማይክሮፋራድ ቢያድግ ግን መዘግየቱ 35 ሚሊ ሰከንድ ይደርሳል፤ ያን ጊዜ ላኪው ጣቱን ቢያነሣም ኪየሩ ክንዱ እንደተጫነ ስለሚቆጥር፣ ሊጠፋ የተፈለገው ትርፍ ነጥብ በመድኃኒቱ ምክንያት ይመለሳል። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የፓድሉ ኮንታክት በንጹሕ ወረቀት ይጠረግ፤ በቆሻሻ ምክንያት የሚቆራረጥን ንክኪ የትኛውም ካፓሲተር አያስተካክለውም።