የእናት መስሚያ ለአጎት

እሱ፦ ሜሪላንድ ያሉ አድማጫችን የሟች እናታቸውን የመስሚያ መሣሪያ ጎንደር ላሉት አጎታቸው ሊልኩ ነው። ደርሷቸው ዝም ብለው ጆሯቸው ላይ ቢያደርጉትስ?

እሷ፦ ኧረ በፍጹም! የተስተካከለው ለእናታቸው ነው። ድምፁ ከበዛባቸው የቀረቻቸውንም የመስማት ችሎታ ይጎዳል። መጀመሪያ የመስማት ምርመራ፤ ከዚያ ባለሙያ በኮምፒውተር እንደ ውጤቱ ያስተካክለዋል።

እሱ፦ የትኛውም ዓይነት ይሆናል?

እሷ፦ ከጆሮ ጀርባ የሚቀመጠው ይሻላል። ጆሮ ውስጥ የሚገባው ክፍል ብቻ የአጎትዬው ጆሮ ልክ ተወስዶ አዲስ ይሠራል፤ ቱቦውም ይቀየራል። ሙሉ በሙሉ ጆሮ ውስጥ የሚገባው ግን በእናታቸው ጆሮ ቅርጽ የተሠራ ስለሆነ፣ ባይደክሙበት እላለሁ።

እሱ፦ ባትሪውስ?

እሷ፦ ጣጣው እሱ ነው! ባለ 13 ቁጥሩ ከሁለት ሳምንት ብዙም አያልፍም። እህታችን፣ ባትሪውንም አብረው ይላኩላቸው።