ሱቁ ሞተ፤ ግብሩ ግን ይተነፍሳል

(ጸሐፊው በደሴ ከተማ ለተሰበሰቡ አነስተኛ ነጋዴዎች ያሰማው ንግግር)



ስለ ሥራ ፈጠራ የሚናገር ሞልቷል። እኔ ዛሬ የመጣሁት ስለ መክሰር ላወራ ነው። ሟርት እንዳይመስላችሁ። ከመሃላችን ከስሮ የማያውቅ ካለ እጁን ያውጣ!

መንግሥት በ1990 ዓ.ም. የጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት ስትራቴጂ ካወጣ ወዲህ «ተደራጁ፣ ተበደሩ፣ ሥራ ፍጠሩ» ስንባል ኖረናል። ሸጋ ነው። የሚከፍተውን የሚያጨበጭብለት ብዙ ነው። ሲዘጋስ ማነው የሚያስተናግደው?

የራሴን ልንገራችሁ። በ2005 ዓ.ም. እኔና ታናሽ ወንድሜ ሰኞ ገበያ አጠገብ በሁለት የስፌት መኪና ልብስ ስፌት ቤት ከፈትን። ብድሩ በቡድን ዋስትና ነበር። ስምንት ወር እንደሠራን አከራያችን ኪራዩን እጥፍ አደረገው። ዋሶቻችን በኛ ጦስ እንዳይያዙ መኪናዎቹን ሸጠን ዕዳውን ዘጋን፤ ቁልፉን አስረክበን ወጣን። አበቃ ብለን ነበር። ለካ አላበቃም! ከሁለት ዓመት በኋላ ወንድሜ አዲስ ፈቃድ ሊያወጣ ቢሄድ፣ የሁለት ዓመት ግብር ከነመቀጫው ቁጭ ብሎ ጠበቀው። ምነው ቢል፣ ንግድ ፈቃዱን አልመለሳችሁም! ያኔ የደረጃ «ሐ» ነጋዴ ግብር የሚጣለው በግምት ነው፤ የሒሳብ መዝገብ የለም። ፈቃዱ እስካልተመለሰ ሱቁ ይሠራል ተብሎ ይቆጠራል። ፈቃዱን ለመመለስ ክሊራንስ፣ ለክሊራንስ ዕዳውን መክፈል፣ ዕዳውን ለመክፈል መሥራት፣ ለመሥራት ፈቃድ! አዙሪት ማለት ይኼ ነው። ወንድሜ ዛሬም ሰው ቤት ተቀጥሮ ይሰፋል። ለወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል የተባለው ለኛ አይደል?

ሕጉ መክሰርን አያውቅም እንዳትሉ። የ1952ቱ የንግድ ሕግ ስለ ኪሣራ ራሱን የቻለ ክፍል ነበረው። በ2013 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1243ም የተቸገረ ነጋዴ ከአበዳሪዎቹ ጋር ዕዳውን መልሶ የሚያዋቅርበትን መንገድ አበጅቷል። ግን ጠበቃ ገዝቶ፣ ፍርድ ቤት ቆሞ «ከሰርኩ» የሚል ባለሁለት መኪና ልብስ ሰፊ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

የምንጠይቀው ምጽዋት አይደለም። አንደኛ፣ ነጋዴው ዘጋሁ ባለ ዕለት ቀበሌው አይቶ ያረጋግጥ፤ ግብሩም ከዚያን ቀን ጀምሮ ይቁም። ሁለተኛ፣ ቀሪ ዕዳ ያለበት እየሠራ ይክፈል፤ አዲስ ፈቃድ አይከልከል። ለእናንተም አንድ አደራ አለኝ፦ መኪናችሁን ከመሸጣችሁ በፊት ፈቃዳችሁን መልሱ፤ የመለሳችሁበትንም ወረቀት ያዙ!

ከስሮ የተማረ ሰው ለአገር ሀብት ነው። ሁለተኛ እንዳይሞክር በሩን መዝጋት ማንን ይጠቅማል?