በአንድ ክንፍ የታወቀችው ወፍ

እሷ፦ ወፍ ማየት የሚወዱ ሰዎች ሲገናኙ «የቱን ትመርጣለህ?» መባባላቸው አይቀርም። ብዙዎቹ የነጭ ሳሯን ወፍ ያነሳሉ።

እሱ፦ ያቺ ሞታ የተገኘችዋን?

እሷ፦ አዎ! በ1990 እ.ኤ.አ. ነው። አርባ ምንጭ አጠገብ ባለው ነጭ ሳር ፓርክ፣ መንገድ ላይ ተጨፍልቃ ተገኘች። ያገኟት ተመራማሪዎች ይዘው የሄዱት አንድ ክንፏን ብቻ ነው። ክንፉ ሙዚየም ካሉት ናሙናዎች ጋር ሲነጻጸር ከየትኛውም አልገጠመም። በ1995 አዲስ ዝርያ ተብላ ተመዘገበች።

እሱ፦ በአንድ ክንፍ ብቻ? ይከብዳል እኮ።

እሷ፦ የተጠራጠሩ አሉ። ወፏ ደግሞ የምትወጣው ሌሊት ነው። በ2009 ሜዳውን በመብራት ያሰሱ ሰዎች ግን «አየናት» ብለዋል።

እሱ፦ የያቤሎዋ ወፍ ትሻላለች፤ በጠራራ ፀሐይ ትታያለች። ግራጫ ናት፣ ክንፏና ጭራዋ ጥቁር፣ ዓይኗ ዙሪያ ሰማያዊ። መሬት ላይ እየተራመደች ነፍሳት ትለቅማለች። በዓለም ላይ ያለችው ያቤሎና ሜጋ አካባቢ ብቻ ነው።

እሷ፦ የምትኖርበት ግራር እንደሆነ ሌላም ቦታ ሞልቷል። ለምን ወጣ አትልም?

እሱ፦ ሙቀቱ ነዋ! አካባቢዋ ከዙሪያው ቀዝቀዝ ያለ ነው። ሲሞቃት አፏን ከፍታ ታለከልካለች፣ ጥላ ትፈልጋለች፤ ምግብ ፍለጋውም ይቀርባታል።

እሷ፦ ታዲያ አየሩ እየሞቀ ሲሄድስ?

እሱ፦ የሚያሳስበው እሱ ነው፤ መሸሻ የላትም።

እሷ፦ በያቤሎ የሚያልፍ ሰው እንግዲህ ጠዋት፣ ሳይሞቅ ይፈልጋት።